ቢጫውን የሚያደምቀው መርዝ፦ የእርሳስ ክሮሜት ምንድን ነው? ከጉዳቱስ እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

በሰሜናዊ ናይሮቢ፣ ከሩንዳ መኖሪያ መንደር አጠገብ በጊጊሪ፣ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም (ዩኔፕ) ዋና መሥሪያ ቤት ይገኛል። ድርጅቱ እርሳስ የተቀላቀለበት የመኪና ቤንዚን በመላው ዓለም ከገበያ መውጣቱን እአአ በ2021 ሲያስታውቅ፣ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አየሩን ሲበክል የኖረ አንድ ምንጭ ደረቀ።

ሌላው ምንጭ ግን ገና አልደረቀም። እርሱም ቀለም ነው። ዩኔፕ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር በመሆን የእርሳስ ቀለምን ለማስወገድ የተቋቋመውን ዓለም አቀፍ ጥምረት ይመራል። ሆኖም እስከ እአአ 2024 መግቢያ ድረስ በቀለም ውስጥ የሚገባውን እርሳስ በአስገዳጅ ሕግ የገደቡት ከዓለም አገራት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ኢትዮጵያና ኬንያ ገደቡን ካወጡት ወገን ናቸው።

በዚህ ዘመን በሚመረቱ ቀለሞች ውስጥ ለሚገኘው እርሳስ ዋነኛው ምክንያት የእርሳስ ክሮሜት የተባለ ደማቅ ቢጫ ዱቄት ነው። በአማርኛ ‘እርሳስ’ የሚለው ቃል ብረቱንም የመጻፊያውን እንጨትም ስለሚጠራ አንድ ነገር አስቀድሞ መለየት ይኖርበታል። ተማሪዎች የሚጽፉበት እርሳስ ውስጡ ግራፋይት የተባለ የካርቦን ዓይነት ነው፤ ብረቱ በውስጡ የለም። ስጋት ካለ ሊኖር የሚችለው እንጨቱ በተቀባበት ቀለም ላይ ነው።

ከሳይቤሪያ ማዕድን እስከ ቀለም ቆርቆሮ

የእርሳስ ክሮሜት እርሳስና ክሮሚየም ከኦክስጅን ጋር የተዋሃዱበት ጨው ነው። ከክብደቱ 64 በመቶ ገደማው እርሳስ ነው። በተፈጥሮ የሚገኘው ከሳይቤሪያ በወጣ ብርቱካናማ ማዕድን ውስጥ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ኒኮላ ቮክላን እአአ በ1797 ክሮሚየም የተባለውን ንጥረ ነገር ያገኘው ይህንኑ ማዕድን ሲመረምር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቢጫው ዱቄት በፋብሪካ መመረት ጀመረ። ቪንሰንት ቫን ጎግ የሱፍ አበቦቹን የሳለው በዚህ ቢጫ ነው፤ የአንዳንዶቹ ሥዕሎች ቢጫ በብርሃን ምክንያት እየጠቆረ መሄዱ ዛሬ የሙዚየሞች ጭንቀት ሆኗል።

የቀለም አምራቾች ዱቄቱን የወደዱበት ምክንያት ግልጽ ነው። ርካሽ ነው፣ ይደምቃል፣ ከሥሩ ያለውን ቀለም በደንብ ይሸፍናል። ከሌሎች ውህዶች ጋር ሲሆን ብርቱካናማና ቀይ፣ ከሰማያዊ ጋር ሲደባለቅ ደግሞ አረንጓዴ ይሰጣል። ስለዚህ መርዙን በቢጫ ቀለም ብቻ መፈለግ ያሳስታል። ዩኔፕ እአአ በ2013 ባወጣውና ኢትዮጵያን ጨምሮ ዘጠኝ አገራትን ባካተተው ጥናት ከነጭ ይልቅ ቢጫና ቀይ የዘይት ቀለሞች ብዙ እርሳስ ይዘው ተገኝተዋል።

የሚተካው ነገር አልጠፋም። ቢስሙት ቫናዴት የተባለው ውህድና የተለያዩ ኦርጋኒክ ቢጫዎች ከእርሳስ ነጻ ሆነው ተመሳሳይ ቀለም ይሰጣሉ። ዋጋቸው ግን ከፍ ይላል፤ ነገሩ ሁሉ የሚያያዘው እዚህ ላይ ነው።

ሁለት መርዝ በአንድ ዱቄት

የእርሳስ ክሮሜት በውሃ ውስጥ አይሟሟም ለማለት ይቻላል። ይህ ባሕርይው ለረጅም ጊዜ እንደ መከራከሪያ ሲቀርብ ኖሯል። ሆኖም ዱቄቱ ሲዋጥ የጨጓራ አሲድ ከፊሉን ያሟሟዋል፤ አቧራው ሲተነፈስ ደግሞ ወደ ሳንባ ይዘልቃል።

በሳንባ በኩል የሚያሰጋው በተለይ ክሮሚየሙ ነው። በዚህ ጨው ውስጥ ያለው ባለ ስድስት ቫለንሲ የሚባለው የክሮሚየም ዓይነት ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል ከተረጋገጡት ተርታ መድቦታል። በቆዳ ፋብሪካዎች ለማልፋት ከሚያገለግለው ባለ ሦስት ቫለንሲ ክሮሚየም ጋር አንድ አይደለም።

እርሳሱ በበኩሉ ከደም ወደ አጥንት ገብቶ ለዓመታት ይቀመጣል። በደም ውስጥ ያለው በአንድ ወር ገደማ በግማሽ ሲቀንስ፣ አጥንት ውስጥ የገባው ግን በእርግዝና ጊዜ ተመልሶ ወደ ደም ይወጣና ፅንሱ ዘንድ ይደርሳል። በአዋቂዎች ላይ የደም ግፊትንና የኩላሊት ሕመምን ያስከትላል። የዓለም ጤና ድርጅት እአአ በ2021 ብቻ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከእርሳስ ጋር በተያያዘ ምክንያት እንደሞቱ ይገምታል፤ አብዛኞቹ በልብና በደም ሥር ሕመም ነው።

ከሁሉም በላይ የሚጎዱት ሕፃናት ናቸው። የአንድ ሕፃን ሰውነት ከዋጠው እርሳስ የሚወስደው መጠን ከአዋቂው ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ብረትና ካልሲየም ያነሰው ሕፃን ደግሞ ይበልጥ ይወስዳል። ጉዳቱ በአእምሮ ዕድገት ላይ ያርፋል፤ የትምህርት አቀባበል ይዳከማል፣ ትኩረት ይጠፋል። በዝቅተኛ መጠን ምንም የሚታይ ምልክት ስለማይኖር ወላጅም መምህርም ምክንያቱን ላያውቁት ይችላሉ። ለጉዳት የማያጋልጥ የእርሳስ መጠን ይህ ነው ተብሎ የተወሰነ ነገር የለም።

ገደቡ ምን ያህል ነው?

ኢትዮጵያ እአአ በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደው የእርሳስ መጠን 90 ፒፒኤም ነው፤ ይህም በአንድ ኪሎ ግራም የደረቀ ቀለም 90 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ዩኔፕ ለአገራት የሚመክረውም ይህንኑ ቁጥር ነው። ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ ለመረዳት አንድ ስሌት ይበቃል፦ ከደረቀ ቀለም አንድ አሥረኛው የእርሳስ ክሮሜት ቢሆን የእርሳሱ መጠን ወደ 64,000 ፒፒኤም ይጠጋል። ከገደቡ 700 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ አምራች ገደቡን የሚያከብረው ዱቄቱን በመቀነስ ሳይሆን ጨርሶ በመተው ነው።

ደንብ ግን ቀድሞ የተቀባውን በር አይፍቅም። የቆየ የብረት በር፣ የትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበር፣ የመጫወቻ ሜዳ ዥዋዥዌ፣ ሁለትና ሦስት ጊዜ በላይ በላዩ የተቀባ የመስኮት ፍሬም ከደንቡ በፊት የነበረውን ቀለም ተሸክመው ይቆያሉ።

አቧራው ከየት ይነሣል?

ያልተላጠና ያልተሰነጠቀ ቀለም ቦታው ላይ እስካለ ድረስ ብዙም አይጎዳም። አደጋው የሚጀምረው ሲፋቅ ነው። ቀለም ቀቢው አሮጌውን በሻካራ ወረቀት ሲያለሰልስ፣ ጋራዥ ውስጥ የመኪና አካል በማሽን ሲፋቅ፣ ብየዳ ሠራተኛው የተቀባ ብረት ሲቆርጥ የሚነሣው ብናኝ ዓይን ከሚያየው በላይ ደቃቅ ነው።

ቀላሉና ውጤታማው መከላከያ ውሃ ነው። የሚፋቀውን አካል እያረጠቡ መፋቅ አቧራው አየር ላይ እንዳይንሳፈፍ ያደርጋል። አሮጌ ቀለምን በእሳት ማቃጠል ወይም በኃይለኛ ሙቀት ማላቀቅ ፈጽሞ አይገባም፤ እርሳሱ ወደሚተነፈስ ጭስ ይለወጣል። ብየዳም ሆነ መቁረጥ ከመጀመሩ በፊት በሚሠራበት መስመር ዙሪያ ያለው ቀለም እየረጠበ መነሣት አለበት። ጨርቅ ወይም ተራ የቀዶ ሕክምና ማስክ ደቃቁን ብናኝ አያግድም። የሚያስፈልገው ፊት ላይ በደንብ የሚገጥምና ለደቃቅ ብናኝ የተሠራ ማጣሪያ ያለው መሸፈኛ ነው።

በሥራ ማብቂያ ልብስን በኮምፕሬሰር አየር ማራገፍ ቀላል መፍትሔ ቢመስልም አቧራውን ወደ ፊትና ወደ ባልደረባ መልሶ መርጨት ነው። ወለሉም በደረቁ ሊጠረግ አይገባም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። እንጀራ በእጅ በሚቆረስበት አገር ደግሞ ከምግብ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ፣ በሥራ ቦታ አለመብላትና አለማጨስ ከየትኛውም ውድ መሣሪያ ያላነሰ ጥቅም አላቸው። የሥራ ልብስ እዚያው ይቀየራል፤ ከሕፃናት ልብስ ጋር አይታጠብም።

እርሳስ ከሥራ ቦታ ወጥቶ ወደ መኖሪያ ሲገባ ምን እንደሚያስከትል ኬንያ በሌላ ዓይነት ብክለት አይታለች። ሞምባሳ በሚገኘው ኦዊኖ ኡሁሩ መንደር ያገለገሉ ባትሪዎችን የሚያቀልጥ ፋብሪካ ነዋሪዎቹን በእርሳስ በመበከሉ ፍርድ ቤት እአአ በ2020 የ1.3 ቢሊዮን ሽልንግ ካሳ ወስኗል፤ ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ውሳኔው በ2024 ጸንቷል።

ዱቄቱን ራሱን ለሚያስመጡና ለሚቀምሙ የከረጢቱ ጽሑፍ ወሳኝ ነው። በ‘ፒግመንት የሎ 34’ ወይም ‘ፒግመንት ሬድ 104’ ስም፣ አልያም 7758-97-6 እና 1344-37-2 በሚሉ የኬሚካል መለያ ቁጥሮች የሚመጣው የእርሳስ ክሮሜት ወይም የእርሱ ዘር ነው። ደረቱ ላይ ኮከብ መሳይ ምልክት ያለበት የሰው ምስልና የሞተ ዓሣና ዛፍ ያሉበት ምስል አብረው ይታያሉ። ዱቄቱ በታሸገ ዕቃ፣ ከሚቃጠሉ ነገሮችና ከአሲድ ርቆ ይቀመጣል። የፈሰሰው በውሃ እየታጠበ ወደ ቦይ አይለቀቅም፤ ረጥቦ ይሰበሰብና በተለየ ዕቃ ይታሸጋል። የቀለም ባልዲን አጥቦ ውሃ መቅጃ ወይም እህል ማስቀመጫ ማድረግም በእኛ አካባቢ የተለመደ ቢሆንም መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

ከግድግዳ ወደ ወጥ ቤት

ይህ ዱቄት ባልተጠበቀ ቦታም ተገኝቷል። በባንግላዴሽ እርድ ይበልጥ ቢጫ እንዲሆን ነጋዴዎች የእርሳስ ክሮሜት ይቀቡት እንደነበር ተመራማሪዎች እአአ በ2019 አሳወቁ። መንግሥት ቁጥጥር ካጠበቀ በኋላ እርሳስ የተገኘበት የእርድ ናሙና ድርሻ ከ47 በመቶ በ2021 ወደ ዜሮ ወረደ። ከ2023 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካ ከኢኳዶር የመጣ፣ ቀረፋ የገባበት የፖም ንፁህ የበሉ ከ500 በላይ ተጠርጣሪ የመመረዝ ሁኔታዎች ተመዝግበዋል፤ አብዛኞቹ ሕፃናት ሲሆኑ በቀረፋው ውስጥ እርሳስና ክሮሚየም አብረው ተገኝተዋል።

ለሸማቹ ከልክ በላይ የደመቀ የተፈጨ እርድ ጥርጣሬ ሊያሳድርበት ይገባል፤ ይሁንና ዓይን መመርመሪያ መሣሪያ አይደለም። ሥሩን ገዝቶ፣ አጥቦና አስፈጭቶ መጠቀም ስጋቱን ይቀንሳል።

ተጋላጭነት ሲጠረጠር እርግጡ የሚታወቀው በደም ምርመራ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ 5 ማይክሮ ግራም ወይም ከዚያ በላይ እርሳስ ከተገኘ ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ ይመክራል። በሕፃናት 45 ማይክሮ ግራም ሲደርስ ብረቱን ከሰውነት የሚያወጣ መድኃኒት ይታዘዛል። ምንጩ ሳይወገድ ወደዚያው ቤት የተመለሰ ሕፃን ግን እንደገና ይመረዛል፤ ስለዚህ ሐኪሞች ሕክምናውን ሲጀምሩ ወላጆችን የሚጠይቁት ቤቱ መቼ እንደተቀባ፣ አባት ወይም እናት ምን ሥራ እንደሚሠሩና ምን ዓይነት ቅመም እንደሚጠቀሙ ጭምር ነው።