የሕዝብ ጤና ግብ ሲወጠን ሕዝቡ የት ነበር?



ዕድር ሲባል ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ድስቱ ነው። ሥራችን የሚጀምረው ሞት ከቤት ከገባ በኋላ ነውና። ይሁን እንጂ ከእኛ ይልቅ ሞትን በቅርብ የሚያውቅ ማኅበር የለም። ማን እንደ ሞተ፣ ከየትኛው ቤት እንደ ሞተ፣ በስንት ዓመቱ እንደ ሞተ እናውቃለን። ታዲያ ይህን የሚያውቅ ሕዝብ፣ «ከእንግዲህ ይህን ያህል ሰው ከሞት እናድን» ተብሎ ዕቅድ ሲወጣ ይጠየቃል ወይ? ይህን ጥያቄ በአንድ የውጭ አገር ታሪክ ለመመልከት እንሞክር። ታሪኩ የአሜሪካ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ከ1979 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ አገር አቀፍ የጤና ግብ ሲያወጣ ቆይቷል፤ አሠራሩም በጽሑፍ ስለ ተመዘገበ ተከታትሎ ለመመርመር ይመቻል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ያለ መነሻ አልመጣም። በ1974 የካናዳው የጤና ሚኒስትር ማርክ ላሎንድ ባወጡት ሰነድ፣ የሰው ጤና በሆስፒታልና በሐኪም ብቻ እንደማይጠበቅ፣ የአካባቢው ሁኔታና የአኗኗር ልማድም ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው አስረዱ። በ1978 ደግሞ በሶቪየት ኅብረት በአልማ አታ ከተማ የ134 መንግሥታት መልእክተኞች ተሰብስበው፣ ሕዝቡ በጤናው ዕቅድ ውስጥ መካፈል መብቱም ግዴታውም መሆኑን አወጁ። የእኛ አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትን ዓለም በሰነድ ማጽደቁ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1979 የአሜሪካ መንግሥት ዋና የጤና ሹም፣ ማለት ሰርጀን ጄኔራሉ፣ ዶክተር ጁሊየስ ሪችመንድ «ጤናማ ሕዝብ» የተሰኘውን ሪፖርት አወጡ። ሪፖርቱ ለአምስት የዕድሜ ክፍሎች እስከ 1990 ሊደረስበት የሚገባ ግብ አስቀመጠ። ለምሳሌ ያህል፣ በ1977 በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት ውስጥ 14 ያህሉ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ ይህ ከ9 በታች እንዲወርድ ታቀደ። በ1980 ደግሞ በ15 ዘርፎች የተከፈሉ 226 ዝርዝር ዓላማዎች ወጡ። የደም ግፊት፣ ክትባት፣ ሲጋራ፣ የመኪና አደጋ፣ የምግብ ነገር ሁሉ ተካተተ።

ይህን ዝርዝር ያዘጋጀው ማነው? በዋናነት ባለሙያው ነው። ዐዋቂዎች ተጠርተው በአትላንታ ከተማ ተሰበሰቡ፤ ረቂቁን ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ ረቂቁ ለአስተያየት ወጣ። ሥራው መልካም ነበር፤ በ1990 የሕፃናቱ ሞት 9.2 ደረሰ፣ ከግቡ በጥቂት ነው የቀረው። ነገር ግን «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይባል የለ? ረቂቁ አልቆ ከመጣ በኋላ የሚጠየቅ ሰው ፊደል ያርም እንደሆን እንጂ ሐሳቡን አይለውጠውም። የእኛም ጠቅላላ ጉባኤ ያውቀዋል፤ ኮሚቴው ጨርሶ ካመጣው በኋላ እጅ ማውጣት ብቻ ነው የሚቀረው።

ሁለተኛው ዙር በ1987 ሲጀመር አካሄዱ ተለወጠ። ከመጻፍ በፊት መስማት ይቅደም ተባለ። የሕክምና ኢንስቲትዩት የተባለው አካል ከመንግሥቱ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ጋር ሆኖ በየአካባቢው የምስክር መስሚያ ስብሰባዎች ጠራ። ከ750 የሚበልጡ ሰዎችና ድርጅቶች ቃላቸውን ሰጡ። ባለሙያዎቹም ይህን የምስክርነት ቃል እንደ ዋና መነሻ ይዘው ነው ለመጻፍ የተቀመጡት። ረቂቁ ሲያልቅ ደግሞ እንደገና ለሕዝብ ቀርቦ ከ10,000 በላይ ሰዎች ተመለከቱት፣ አስተያየትም ሰጡበት። ሰነዱ በመስከረም 1990 ሲወጣ ዘርፎቹ 22 ሆነው ነበር። ከነዚህ አንዱ የኤች አይ ቪ ጉዳይ ነው፤ በሽታው በአሜሪካ መጀመሪያ የተዘገበው በ1981 ስለሆነ በፊተኛው ዝርዝር ሊኖር አይችልም ነበር።

እዚህ ላይ ግን የታሪኩ ከባድ ነጥብ ይመጣል፤ ልብ ብለን እንየው።

በዚህ በ1990ው ሰነድ ለ2000 የተያዘው የሕፃናት ሞት ግብ ለመላው አገር ከ1000 7 ነበር። ለጥቁሮች ሕፃናት ግን ሌላ ቁጥር ተጻፈ፦ 11። አሳቢዎቹ ክፋት አስበው አይደለም። በ1987 የጥቁሮቹ ሕፃናት ሞት ከ1000 17.9 ስለነበር፣ ከዚያ ተነሥቶ በአሥር ዓመት 7 መድረስ አይቻልም፣ የሚቻለውን እንጻፍ ብለው ነው። ሂሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን የአንድ መንግሥት ሰነድ፣ የአንዱ እናት ልጅ 7፣ የሌላዋ እናት ልጅ 11 ብሎ ሲጽፍ፣ በመካከል ያሉት አራቱ ሕፃናት ገና ከመወለዳቸው በፊት በዕቅድ ተትተዋል ማለት አይደለም ወይ? የእኛ ዕድር ለባለጸጋውም ለድሃውም አንድ ዓይነት ድንኳን የሚተክለው እኮ በምክንያት ነው።

ለሦስተኛው ዙር በተደረገው ዝግጅት ይህ አጻጻፍ ቀረ። በየካቲት 1998 ፕሬዚዳንት ክሊንተን በስድስት የጤና ጉዳዮች በዘር መካከል ያለው ልዩነት እስከ 2010 ጨርሶ እንዲጠፋ መታቀዱን ተናገሩ፤ ከስድስቱ አንዱ የሕፃናት ሞት ነው። በዚያው ዓመት ረቂቁ ለሕዝብ ቀረበ፤ በየአካባቢው ስብሰባ ተደረገ፤ ከ11,000 በላይ አስተያየቶች መጡ። በጥር 2000 በሰርጀን ጄኔራል ዴቪድ ሳቸር ጊዜ የወጣው ሰነድ 28 ዘርፎችና 467 ዓላማዎች ነበሩት። የሕፃናቱም ግብ ነጭ ጥቁር ሳይል ለሁሉም አንድ ሆነ፤ ከ1000 4.5። ለዚህ ለውጥ ምክንያቱ አንድ ነገር ብቻ ነው ለማለት አይቻልም። ሆኖም የሚመለከተው ሰው ገብቶ በሚነጋገርበት ሸንጎ ላይ «ለእናንተ ልጆች ይህ ይበቃል» ማለት እንደማይቀል ማንም ያውቀዋል።

ታዲያ ግቡ ተደረሰ? ቁጥሩን በሐቅ እንየው። በ2000 የመላው አገር ሞት 6.9 ሆኖ የ7ቱ ግብ ተሳካ፤ የጥቁሮቹ ግን ከ13 በላይ ስለነበር 11 ላይ እንኳ አልደረሰም። በ2010 አገሪቱ 6.1 ላይ ነበረች፤ 4.5 ሩቅ ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ በወጣው ዕቅድ ለ2020 የተጻፈው ግብ 6.0 ሆነ፤ ማለትም በ2006 ከነበረው አንድ አሥረኛውን ብቻ መቀነስ። ይህ በርግጥ ተሳካ፤ በ2020 5.4 ተመዘገበ። ነገር ግን በዚያው በ2020 የጥቁሮቹ ሕፃናት ሞት ከነጮቹ ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር። በ1987ም ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር። ሁለቱም ወርደዋል፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ድነዋል፤ በመካከል ያለው ገደል ግን አልተሞላም። ግብ መጻፍ አንድ ነገር ነው፣ ገንዘብና ሰው መድቦ እዚያ መድረስ ሌላ።

ሌላም የሚስተዋል ነገር አለ። በነዚህ ዕቅዶች አንድ ዓላማ ሙሉ ዓላማ የሚሆነው መነሻ ቁጥር ሲኖረው ነው። ቁጥር ያልተገኘለት ጉዳይ «ገና በመዘጋጀት ላይ» ከሚባለው ክፍል ይገባና ተራ ይጠብቃል። እንግዲህ ሰው ተነሥቶ ችግሩን ቢናገርም፣ ችግሩን የቆጠረ ከሌለ ቃሉ እዚያው ይቆማል። ለ2020ው ዕቅድ ከ8,000 በላይ አስተያየቶች ቀርበው ነበር። ሰነዱም በታኅሣሥ 2010 ሲወጣ 42 ዘርፎች ይዞ፣ የአረጋውያን ጤና፣ የመርሳት በሽታ፣ የእንቅልፍ ነገር፣ እንዲሁም ትምህርትና መኖሪያ ቤትን የመሳሰሉት በጤና ላይ የሚያደርሱት ጫና ተጨምረውበታል። ሁሉም እውነተኛ ችግር ነው። ነገር ግን ዝርዝሩ ከ1000 በላይ በሆነ ጊዜ የቱን ይዞ የቱን መተው እንደሚገባ አስቸገረ። ስለዚህ በነሐሴ 2020 የወጣው የ2030 ዕቅድ የሚለኩትን ዓላማዎች ወደ 355 ዝቅ አደረገ። ሁሉን መስማት ተገቢ ነው፤ የሰሙትን ሁሉ ግብ ማድረግ ግን ግብን ማሳጣት ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚተርፈን ምንድን ነው?

የጤና ጉዳይ ለሐኪም ብቻ የሚተው እንዳልሆነ ነው። ሐኪሙ በሽታውን ያውቃል፤ በየትኛው ጉድባ ውሃው እንደሚቆም፣ የትኛዋ ነፍሰ ጡር መሄጃ አጥታ እቤት እንደ ቀረች የሚያውቀው ግን ጎረቤት ነው። ከወረዳ ወይም ከጤና ጣቢያ አስተያየት ስንጠየቅ፣ ወረቀቱ ታትሞ ሳይመጣ በፊት ገብተን እንናገር። ስንናገርም በጭፍን ሳይሆን ቆጥረን ይሁን። ጸሐፊያችን በሞት መዝገቡ ላይ ከስሙ ጎን ዕድሜውንና ቤተሰቡ የሚያውቀውን የሞት ምክንያት ቢጽፍ፣ ቤተሰቡ እስከ ፈቀደ ድረስ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለ ሰፈራችን ማንም ሊያስተባብለው የማይችል ማስረጃ ይኖረናል። ብዙ ወጪ የለውም፤ አንድ ዓምድ መጨመር ብቻ ነው። በተለይም የሕፃናቱ እንዲጻፍ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ሕፃን ሲሞት በጸጥታ ተቀብሮ ሳይመዘገብ ይቀራልና። ያልተመዘገበ ሞት ደግሞ በማንም ዕቅድ ውስጥ አይገባም።

በመጨረሻም፣ ለጎረቤታችን ልጅ ከገዛ ልጃችን ያነሰ ግብ የሚያስቀምጥ ዕቅድ ማንም ይዞልን ቢመጣ፣ ቁጥሩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ «ይህ አይሆንም» ለማለት መድፈር አለብን። ዕድራችን የተመሠረተው በዚሁ እምነት ነው። የሞተውን እኩል የሚቀብር ማኅበር፣ በሕይወት ያለውም እኩል እንዲጠበቅ የመናገር መብት አለው፤ ግዴታም ጭምር።