«ተክሉን» ማን አደረቀው?

መጋቢት 5 ቀን 1992 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ማርች 14 ቀን 2000) ሲሞን ኤንድ ሹስተር የተባለው የኒውዮርክ አሳታሚ አንድ ረዘም ያለ አጭር ልቦለድ ለገበያ አቀረበ። ወረቀት የለው፣ ጥራዝ የለው፣ መደርደሪያ አይፈልግ። የሚሸጠው በኢንተርኔት ብቻ፣ የሚነበበው በኮምፒውተር ስክሪን ላይ፣ ዋጋው 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ከ400,000 በላይ ቅጂ ታዘዘ። ሰርቨሮቹ ተጨናንቀው ብዙ አንባቢ ደጅ ሲጠና ዋለ። አማዞንና ባርንስ ኤንድ ኖብል ልቦለዱን ለደንበኞቻቸው በነፃ ሲያድሉት እንደነበር ግን የዚያ ሰሞን ዜናዎች በጨረፍታ ነው ያለፉት።

የልቦለዱ ርዕስ «ራይዲንግ ዘ ቡሌት»፣ ደራሲው ደግሞ በአስፈሪ ታሪኮቹ ዓለም የሚያውቀው ስቲቨን ኪንግ ነው።

በእርግጥ መጽሐፍ ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ያን ጊዜ አዲስ ነገር አልነበረም። ማይክል ሃርት የተባለ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 የአሜሪካን የነፃነት መግለጫ በኮምፒውተር ተይቦ ለሌሎች አካፈለ፤ ፕሮጀክት ጉተንበርግም ከዚያ ተወለደ። ሮኬት ኢቡክ የተባለው የማንበቢያ መሣሪያ በ1998 ወጥቷል። ይሁንና እስከዚያ ድረስ ነገሩ የቆዩ መጻሕፍትና የጥቂት አፍቃሪዎች ጉዳይ ነበር። ስሙ ብቻ መጽሐፍ የሚሸጥለት ደራሲ አዲስ ሥራውን ከወረቀት አስቀድሞ ለስክሪን ሲሰጥ ነው አሳታሚዎች እንቅልፍ ያጡት።

ኪንግ ይህን ልቦለድ የጻፈው ከአደጋ ሲያገግም ነው። ሰኔ 12 ቀን 1991 ዓ.ም. ሜይን ግዛት ውስጥ በመንገድ ዳር በእግሩ ሲሄድ ቫን ገጭቶት እግሩ፣ ዳሌውና የጎድን አጥንቶቹ ተሰባብረዋል፤ ሳንባውም ተጎድቷል። ታሪኩ የሚያወራውም ስለ መኪናና ስለ ሞት ነው። ሆስፒታል የተኛች እናቱን ለማየት በሌሊት ሊፍት የሚለምን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጫነው ሾፌር የሞተ ሰው ሆኖ ያገኘዋል፤ ሾፌሩም «አንተ ትሙት ወይስ እናትህ?» ሲል ምርጫ ያቀርብለታል። ኪንግ በኋላ እንደጻፈው፣ ያን ሰሞን ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ገበያው እንጂ ስለዚህ ምርጫ አልነበረም። ደግሞ የሚገርመው፣ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ አብዮተኛ ተብሎ የሚወራለት ይህ ሰው በእነዚያው ወራት «ድሪምካቸር» የተባለውን ወፍራም ልቦለዱን ይጽፍ የነበረው በወረቀት ላይ፣ በቀለም ብዕር ነው።

ከአራት ወር በኋላ የመጣው ነገር ግን እስካሁን ያከራክራል። ሐምሌ 17 ቀን 1992 ዓ.ም. ኪንግ አሳታሚውን ወደ ጎን ትቶ፣ ፊልትረም ፕሬስ በምትባለው የግል ማተሚያው ስም፣ «ዘ ፕላንት» (ተክሉ) የተባለ ልቦለድ በራሱ ድረ ገጽ ላይ በክፍል በክፍል ማውጣት ጀመረ። የፊተኛው ልቦለድ በሶፍትዌር ተቆልፎ ቁልፉ ብዙም ሳይቆይ ተሰብሮ ነበርና፣ በዚህኛው ላይ ጭራሽ ቁልፍ አላደረገበትም። አውርድ፣ አንብብ፣ 1 ዶላር ክፈል። ባትከፍልም የሚይዝህ የለም። ያስቀመጠው ደንብ አንድ ብቻ ነው፦ ከሚያወርዱት መቶ ሰዎች 75ቱ ከከፈሉ ታሪኩ ይቀጥላል፤ ካልከፈሉ ይቆማል።

ታሪኩ ራሱ የቆየ ነው። ኪንግ በ1982፣ በ1983 እና በ1985 እ.ኤ.አ. ለወዳጆቹ የገና ስጦታ ይሆን ዘንድ ሦስት ክፍሎችን በትናንሽ ጥራዞች አሳትሞ አድሎ ነበር። በደብዳቤና በቢሮ ማስታወሻ መልክ የተጻፈ ሲሆን፣ ኒውዮርክ ውስጥ ሊዘጋ ስለተቃረበ ዜኒዝ ሃውስ ስለተባለ አሳታሚ ድርጅት ይተርካል። ካርሎስ ዴትዌይለር የሚባል የአበባ ቤት ሠራተኛ ድርሰት ይልካል። አርታኢው ጆን ኬንተን ከድርሰቱ ጋር የመጡትን ፎቶግራፎች ሲያይ በእውን ሰው የታረደ ይመስለውና ለፖሊስ ያመለክታል። የተናደደው ደራሲ በአጸፋው ተክል ይልክለታል። ተክሉ ቢሮ ውስጥ ሥር ሰዶ ደም እየመጠጠ ያድጋል፣ ለከሰረው ድርጅትም ሲሳይ ይሆንለታል። አሳታሚን ዘሎ ወደ አንባቢ ለመሄድ የቆረጠ ደራሲ ከመሳቢያው ሊያወጣው ከሚችለው ታሪክ ሁሉ ይህን መምረጡ እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

በመጀመሪያው ሳምንት ከ150,000 ጊዜ በላይ ወረደ። የከፈለውና ልከፍል ቃል ገብቻለሁ ያለው 76 በመቶ ገደማ ነበር፤ ደንቡን ለጥቂት አለፈ። ከዚያ በኋላ ቁልቁል ነው። ክፍሎቹ በወጡ ቁጥር የሚያወርደው ሰው ቀነሰ፤ አራተኛው ክፍል ላይ ከግማሽ በታች ወርዶ፣ የከፋዩም ድርሻ 46 በመቶ ሆነ። በኅዳር 1993 ዓ.ም. ኪንግ ከስድስተኛው ክፍል በኋላ ታሪኩን እንደሚያቆመው አስታወቀ። ስድስተኛውን በታኅሣሥ ወር በነፃ ለቀቀውና ሄደ። ሰባተኛ ክፍል እስከ ዛሬ የለም።

ጋዜጦች ፍርዳቸውን ለመስጠት አልዘገዩም። አንባቢ ሌባ ነው፣ በኢንተርኔት ማንም ወዶ አይከፍልም፣ ኪንግም ተሸነፈ ተባለ። ኪንግ በበኩሉ ተቆጣ። ያቆምኩት ሌላ ሥራ ስላለብኝ ነው፤ ገቢውም የውድቀት ገቢ አይደለም አለ። ብዙ ሰው ይህን መልስ እንደ ማመካኛ ነው የወሰደው።

እኔ ግን ወደ ኪንግ አደላለሁ። የገንዘቡን ነገር እንይ፤ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ ከ460,000 ዶላር በላይ ተርፎታል። ማተሚያ ቤት ያልነካው፣ አከፋፋይ ያልቀነሰበት፣ ያውም ያላለቀ መጽሐፍ ነው። ስሌቱም ቢሆን ለክርክር ክፍት ነው፤ አንድ ሰው በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር አውርዶ እቤቱ ቢደግመው ቆጣሪው ሁለት ይላል፣ ክፍያው ግን አንድ ነው። በዚያ ላይ ከአራተኛው ክፍል ጀምሮ ዋጋው 2 ዶላር ሆኗል። ክፍሉ ከቀደሙት ረዘም ማለቱ እውነት ነው፤ ሆኖም ዋጋ በእጥፍ ሲጨምር ገዢ መሸሹ ሌብነት አያሰኝም።

ከሁሉም በላይ እኔን ያሳመነኝ የታሪኩ የቀድሞ ዕጣ ነው። ኪንግ ይህን ልቦለድ እ.ኤ.አ. ከ1985ቱ ክፍል በኋላ አንድ ጊዜ ትቶታል። ያን ጊዜ ኢንተርኔት የለ፣ የማይከፍል አንባቢ የለ። የተወው፣ ሰው የሚበላ ተክል ያለበት «ሊትል ሾፕ ኦቭ ሆረርስ» የተባለ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1986 ሲወጣ ታሪኩ ከእሱ ጋር መመሳሰሉን አይቶ ነው። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ጥሎት የሄደን ታሪክ መድረቅ በውኃ አጠጪዎቹ ላይ ማላከክ ይከብዳል። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ከፒተር ስትራውብ ጋር የሚጽፈው «ብላክ ሃውስ» እና መጨረስ የነበረበት «ዳርክ ታወር» የተባለው ተከታታይ ሥራው እጁ ላይ ነበሩ።

ጋዜጦቹን ግን ሙሉ በሙሉ መውቀስ አይቻልም። 75 በመቶ የሚለውን ገደብ ያሰመረው ኪንግ ራሱ ነው። አምስቱን ክፍል በሐቅ የከፈለ አንባቢ ደግሞ 7 ዶላር አውጥቶ የተረፈው መጨረሻ የሌለው ታሪክ ነው። ስለ እነዚህ ሰዎች ግድ ብሎት የጻፈ እምብዛም የለም። የስልክ መስመር ኢንተርኔት በሚያዘግምበት ዘመን፣ እኛ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው ቀጣዩን ክፍል እንጠብቅ እንደነበረው፣ እነሱም ወር ቆጥረው ጠብቀዋል። አንዳንዱ በስክሪን አነበበ፣ አንዳንዱ አትሞ። ከዚያ ወደየሥራው ሄደ።

የተከተለው ሁሉ በጥድፊያ የሚነገር ነው። ታላላቆቹ አሳታሚዎች በኪንግ ሞቅታ የከፈቷቸው የኤሌክትሮኒክ ክፍሎች፣ የታይም ዋርነሩ አይፐብሊሽና የራንደም ሃውሱ አትራንደም፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ተዘጉ። አማዞን በኅዳር 2000 ዓ.ም. (ኖቬምበር 2007) ኪንድል የተባለውን የማንበቢያ መሣሪያ በ399 ዶላር ሲያወጣ ግን በስድስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ተሸጦ አለቀ። አንዲ ዊር የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ «ዘ ማርሺያን»ን ምዕራፍ በምዕራፍ በድረ ገጹ ላይ በነፃ ካወጣ በኋላ፣ አንባቢዎቹ ሲወተውቱት እ.ኤ.አ. በ2011 ኪንድል ላይ በ99 ሳንቲም አስቀመጠው፤ መጽሐፉ የሆሊውድ ፊልም እስከ መሆን ደረሰ። ኪንግም እ.ኤ.አ. በ2009 ለኪንድል ብሎ «ዩአር» የተባለ ታሪክ ጻፈ፤ ታሪኩም የሚሽከረከረው በአንድ ሮዝ ቀለም ባለው ኪንድል ዙሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ተገላብጦ «ጆይላንድ»ን ሲያወጣ መጀመሪያ በወረቀት ብቻ ይሁን አለ። የዚህ ሰው ነገር እንዲህ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተሮች የጋራ የፊደል ደረጃ ውስጥ የገባው በሦስተኛው እትም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ፣ ኪንግ ዶላሩን ሲቆጥር እኛ ገና ፊደላችን በሌላው ሰው ኮምፒውተር ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ እንዳይታይ ነበር የምንታገለው። ዛሬ ያ ችግር አልፏል። አዲስ መጽሐፍ ወጥቶ አዟሪው እጅ ሳይደርስ በስልክ ካሜራ ገጽ በገጽ ተነስቶ፣ የአንሺው አውራ ጣት ጥጉ ላይ እየታየ፣ ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፍ ሆኖ ይገኛል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ ደራሲው ግን ማንን ይክሰስ? መክፈያው ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር ስልካችን ውስጥ ነው። ምዕራፍ በምዕራፍ በ20 ብር ልሽጥ የሚል ደራሲ «ማን ይከፍለኛል?» ብሎ ቢፈራ አይፈረድበትም። ይሁንና ኪንግን ከስሮበታል ያሰኘው ቁጥር 46 በመቶ ነው፤ ቴሌግራም ላይ ለሚዞረው ፒዲኤፍ የሚከፈለው ግን ባዶ ነው።