ከተማው ወደ ቆላ፥ ሸማኔው ወደ አዲስ አበባ

እኛ በሲቀላ የምንማር ልጆች ከተማችን ከጥንት ጀምሮ እዚህ የነበረች ይመስለናል። ነገር ግን አርባ ምንጭ ከአያቶቻችን ጋር ብትስተያይ ታናሽ ናት። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ጨንቻ ነበረች፤ ወደዚህ የወረደውም በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። ስለ አርባዎቹ ምንጮችና ስለ ሁለቱ ሐይቆች ብዙ ስለ ተጻፈ፥ እኛ በዚህ መጽሔት ላይ ልንናገር የወደድነው ከጠላት መባረር በኋላ ባሉት ሠላሳ ዓመታት ደጋው ምን እንደ ሆነ ነው።

ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከአገር ከወጣ በኋላ መንግሥት ሁለት ነገር ቸኩሎ አደረገ። አንደኛ፥ በ1934 ዓ.ም. አገሩን በጠቅላይ ግዛት፥ በአውራጃና በወረዳ ደለደለ። ሁለተኛ፥ በዚያው ዓመት የመሬት ግብር አዋጅ አወጣ። በአንድ ጋሻ ለለም 15፥ ለለም ጠፍ 10፥ ለጠፍ 5 ብር ተቈረጠ። ቀድሞ ገባሩ በጉልበቱና በእህሉ ይከፍለው የነበረው አሁን በገንዘብ የሚጠየቅ ሆነ። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጥቶ የማርያ ቴሬዛን ብር ይተካ ጀመር።

ይህ አዋጅ በወረቀት ላይ ሲያዩት ገባሩን የሚያሳርፍ ነው፤ ከቀድሞው ሥርዓትም የተሻለ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን የጋሞ ደጋ ሰው የበዛበት፥ መሬቱ የጠበበ አገር ነው። እንሰትና ገብስ ቤተ ሰብን ይመግባሉ እንጂ ብር አያመጡም። ታዲያ ብሩ ከየት ይምጣ? የደጋው ሰው መልስ በእጁ ነበረ፤ ይኸውም ሸማ መሥራት ነው። ሴቶች ይፈትላሉ፥ ወንዶች ይሸምናሉ። ገዢው ግን ያለው በጨንቻ ገበያ ሳይሆን በአዲስ አበባ ነው። ስለዚህ ከዶርዜና ከሌሎቹም የጋሞ አገሮች ጎልማሳው መወርወሪያውን ይዞ ወጣ፤ በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳም ሰፈር ሠራ። የሚያገኘው ብር ለግብር፥ ለማጫ፥ ሀላቃ ለመሾም ለሚደረገው ድግስ ወደ ቤቱ ይላክ ነበር። አንዳንድ የከተማ ሰው ጋቢውን ለብሶ የሸመነውን መናቁ ግን እስከ ዛሬ ይገርመናል።

በ1950 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ ተጀመረ። ዕቅዱ ከሁሉ አስቀድሞ ያሰበው ለመንገድና ለኤሌክትሪክ ኃይል ነበር። ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ የቆቃ ግድብና የባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተሠሩ። ፋብሪካ ሲመጣ የእጅ ሸማ ይጠፋል ብሎ ማሰብ የማይቀር ነው። የሆነው ግን ሌላ ነው። ሸማኔው የፋብሪካውን ክር ገዝቶ ድር አደረገው፥ ማጉን ከእናቶች ፈትል ወሰደ፥ ጥለቱን ራሱ ጣለበት። ጋቢና ነጠላ፥ የጥበብ ቀሚስም እንደ ተፈለጉ ቀሩ። በእኛ አስተያየት ከዚያ ዘመን የኢኮኖሚ ሥራ ሁሉ ብልሃት የሞላበት ይህ ነው፤ ነገር ግን ሸማኔው ያደረገው ዕቅድ ሳያዝለት ነው።

በዚያው በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት፥ ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የሕግ መምሪያ አባላትን መረጠ። የፖለቲካ ፓርቲ ግን አልተፈቀደም፤ ለመመረጥም በምርጫው ክልል ንብረት ማስቈጠር ግድ ነበር። ጕልበቱ በሽሮ ሜዳ፥ መሬቱ በደጋ ቍራሽ ለሆነው ሸማኔ ይህ በር ጠባብ ነበር።

እንግዲህ ወደ ከተማችን እንመለስ። ጨንቻ በብርዳማ ከፍታ ላይ ያለች፥ ክረምት ሲገባ መንገዷ የሚያስቸግር ከተማ ናት። ከታች ያለው ሜዳ ሰፊና ለእርሻ የሚመች ቢሆንም፥ ደገኛው ወባን ፈርቶ ቆላ ማደር አይወድም ነበር። በ1951 ዓ.ም. የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቁሞ በአገሩ መድኃኒት መርጨት ከጀመረ ወዲህ ቆላ እንደ ቀድሞው አላስፈራም። መሥሪያ ቤቶቹ ወርደው በሴቻ ሲቀመጡ፥ ንግዱ በሲቀላ ተተከለ። ጸሐፊው ከላይ፥ ነጋዴው ከታች፤ እኛ ዛሬም ቍልቍለቱን በየቀኑ እንለካዋለን። ጨንቻ ግን ሹማምንቷን አጣች፥ ባለጉዳይ ሲያልቅባት የጠጅ ቤትና የሱቅ ገቢዋም ቀነሰ። ስለዚህ ደጋው በአንድ ትውልድ ውስጥ ከተማውን ለቆላ፥ ጎልማሳውን ለአዲስ አበባ ሰጠ።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ከእንግሊዝ ጎን ያለችው ደሴት አየርላንድ ነፃነቷን ካገኘች ከብዙ ዓመት በኋላ ልጆቿን መመገብ አቅቷት ነበር። ከ1943 እስከ 1953 ዓ.ም. 400,000 ያህል ሰው ከአገሩ ወጣ፤ ብዙዎቹ በእንግሊዝ አገር ቤትና መንገድ ለመሥራት ሄዱ። በ1953 ዓ.ም. የቀረው ሕዝብ 2.8 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበረ። በ1951 ዓ.ም. ዊተከር የተባለ የገንዘብ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ያዘጋጀው ጽሑፍ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ሾን ሌማስም የውጭ ፋብሪካዎችን ጋበዘ፥ የቀረጡን አጥር ዝቅ አደረገ፥ መንግሥቱም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን ያለ ክፍያ ለሁሉ ከፈተ። በ1963 እና በ1971 ዓ.ም. መካከል ከሚወጣው ይልቅ የሚመለሰው በለጠ፤ ኋላ እንደ ገና ቢወጡም።

ሁለቱን አገሮች ማመዛዘን አስቸጋሪ ነው፤ የኛ ባለእርሻ ከመሬቱ ጥያቄ ገና አልተላቀቀም ነበርና። አሥራት በእርሻ ገቢ ግብር የተተካው በ1960 ዓ.ም. ነው፤ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የሆነው ደግሞ አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ፥ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። በዚያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ተመልሶ መሬት የያዘ ሸማኔ አለ፤ መወርወሪያውን ያልጣለ ግን ይበዛል። መስከረም ሲጠባ ለመስቀል ወደ ጨንቻ የሚወጡት መኪናዎች ከአዲስ አበባ በመጡ ወንድሞቻችን ይሞላሉ፤ በዓሉ ሲያልፍም በሲቀላ መናኸሪያ አልፈው ይመለሳሉ።