እሳት የምታስቀድመው ትንሽ ቱቦ

ለማኅበራችን የኢዮቤልዩ መጽሔት አንድ ነገር ጻፉ ስንባል፣ እዚህ ናይሮቢ ብዙ ወገኖቻችን እንጀራ ከበሉበት ከአሮጌው የቤንዚን ሞተር የተሻለ ርዕስ አላገኘንም።

ሞተር ውስጥ የገባ ቤንዚንና አየር በአንድ ጊዜ ነዶ አያልቅም። ስለዚህ ፒስቶኑ ጫፍ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ካንዴላው እሳት መስጠት አለበት፤ ሞተሩ ሲፈጥን ደግሞ የበለጠ መቅደም ይኖርበታል። ቀድሞ ይህ የሾፌሩ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 በተሠራው ፎርድ ሞዴል ቲ ላይ፣ ከመሪው ሥር በግራ በኩል ለዚሁ የተሠራች ማንሻ ነበረች። እሷን ሳይመልስ በማኖቬላ ለማስነሳት የሞከረ ሰው ማኖቬላው ወደ ኋላ መትቶት ክንዱ ይሰበር ነበር። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ ዘመኑ ይህ ነበር።

ኋላ የሾፌሩን እጅ ሁለት ነገሮች ተኩት። አንደኛው ዲስትሪቢውተር ውስጥ ያሉት ክብደቶች ናቸው፤ ሞተሩ ሲፈጥን ወደ ውጭ ተከፍተው እሳቱን ያስቀድማሉ። ሁለተኛው ከ1930ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው ቫኪዩም ነው። በዲስትሪቢውተሩ ጎን ያለችው ክብ ቆርቆሮ ውስጥ ስስ ላስቲክ አለ፤ በቀጭን ቱቦ ከካርቡራቶር ጋር ትገናኛለች። ሾፌሩ ረጋ ብሎ ሲነዳ ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው ጥቂት ስለሆነ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ያኔ የሞተሩ መምጠጥ ላስቲኩን ስቦ እሳቱን ያስቀድማል። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ መምጠጡ ይቀንስና እሳቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። በዚህ ቤንዚን ይቆጠባል።

እዚህ ላይ ራሳችንን እንወቅሳለን። ላስቲኩ ሲቀደድ ቱቦዋን በብሎን ደፍነን «ይሄዳል» ያልነው ደንበኛ ብዙ ነው። መሄዱንስ ይሄዳል፤ ትርፉ ግን በየቀኑ ቤንዚን ማደያ ይቀር ነበር።

ከዚህ የባሰም አለ። አንድ ወገናችን ፔጆ 404 ነበረው፤ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 እ.ኤ.አ. የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ያሸነፈችው ዓይነት። ዲስትሪቢውተሩን እያዞርን በጆሮ ብቻ አስተካከልንለት፤ መኪናዋ እንደ ጥይት ሆነች። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ቀደም ያለ እሳት ይችላል። ሰውየው ጭኖ ሞምባሳ ወረደ። ቆላው ላይ አየሩ ሲወፍር ሞተሩ ያንኳኳ ጀመር፤ እሱም ዝም ብሎ ነዳ። ፒስቶኑ ተበሳ። ቤተሰቡ የሚኖረው በዚያች መኪና ነበር። የፒስቶኑን ዋጋ አልተቀበልነውም፤ ቆሞ የከረመበትን ጊዜ ግን ልንመልስለት አልቻልንም።

ትክክለኛው ሥርዓት ከባድ አይደለም። አስቀድሞ የፑንቲናው ክፍተት ይለካል፤ በቮልስዋገን 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተቱ ከተለወጠ እሳቱም ይለወጣልና ይህ መቅደም አለበት። በአብዛኞቹ መኪኖች ከዚያ በኋላ ሞተሩን አሙቆ፣ የቫኪዩሙን ቱቦ ነቅሎ አፉን መድፈን፣ በታይሚንግ መብራት የፑሊውን ምልክት እያዩ ዲስትሪቢውተሩን ማዞር ነው። ቁጥሩ በየመኪናው መጽሐፍ አለ። ሲያበቃ ቱቦውን መመለስ አይረሳም።

ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች በ2006 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ሲተዉ ለልጆቻችን ጤና ትልቅ ነገር ሆነ። ይሁንና እርሳሱ ማንኳኳትን ይከላከል ስለነበር አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ ታይሚንጉን እንደገና ማስመርመር ነበረበት።

የዛሬ መኪኖች ይህን ሁሉ በኮምፒዩተር ይሠራሉ። አልፎ አልፎ አሮጌ ፔጆ ይዞ የሚመጣ ሲኖር ግን መጀመሪያ ቱቦዋን በአፋችን እንመጣታለን፤ የፑንቲናው ሳህን ተንቀሳቅሶ ከቆየ ላስቲኩ ደህና ነው።