ብዕርና ሚዛን
የመድኀኒት ቀማሚው ደራሲ የሲፕሪያን ኤክዌንሲ ታሪክ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለው ተረት ብዙ ጊዜ ለወጣቶች ምክር ሆኖ ይነገራል። አንድ ልጅ በአንድ እጁ የሳይንስ ትምህርቱን፥ በሌላ እጁ ብዕሩን ይዞ የታየ እንደ ሆነ፥ ሽማግሌዎች ይህን ተረት ጠቅሰው ከሁለቱ አንዱን እንዲተው ይመክሩታል። ምክሩ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ቀኑ አጭር ነውና፥ የሰውም ጕልበት ልክ አለውና። ነገር ግን ተረትም ቢሆን በታሪክ ሊመዘን ይገባዋል። በምዕራብ አፍሪካ በናይጄሪያ አገር በሀያኛው መቶ ዓመት እኩሌታ የተነሡት ደራስያን ታሪክ ይህን ተረት ለመመዘን የተመቸ ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ዛሬ በናይጄሪያ በኢባዳን፥ በንሱካና በኢፌ ዩኒቨርሲቲዎች የምግብ ሳይንስ ራሱን ችሎ ይሰጣል። ትምህርቱ ለዚያ አገር ሕዝብ ምን ያህል እንደሚጠቅም በአንድ ምሳሌ ይታወቃል። ከሕዝቡ ዋና ዋና ምግቦች አንዱ ካሳቫ የሚባለው ሥር ነው። ይህ ተክል በ16ኛው መቶ ዓመት በፖርቱጋሎች እጅ ከአሜሪካ ምድር ወደ አፍሪካ የገባ ሲሆን፥ ዛሬ ከዓለም አገሮች ሁሉ ይልቅ ብዙ ካሳቫ የምታመርተው ናይጄሪያ ናት። መራራው ካሳቫ ግን ሲያናይድ የተባለውን ብርቱ መርዝ የሚያወጣ ነገር በውስጡ አለበት። ስለዚህ ሴቶች ሥሩን ልጠው ይፈቀፍቁታል፤ በከረጢት አድርገው ድንጋይ ይጭኑበታል፤ ጥቂት ቀን ቦክቶ ውሃው ተንጠፍጥፎ ካለቀ በኋላ በብረት ምጣድ ያምሱታል። ጋሪ የሚባለው ምግብ እንዲህ ሆኖ የተሰናዳው ነው። የምግብ ሳይንስ ሥራ እናቶች በልምድ ያወቁትን ይህን ብልሃት ምክንያቱን መርምሮ፥ መጠኑን ለክቶ፥ ለብዙ ሕዝብ በፋብሪካ መኪና እንዲሠራ ማድረግ ነው። በ1956 ዓ.ም. በሌጎስ በኦሾዲ ሰፈር የተመሠረተው የኢንዱስትሪ ምርምር ተቋም ከደከመባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የጋሪ አሠራር ነው።

ይህን የመሰለውን ትምህርት ቀን የሚማር፥ ማታ ደግሞ ልብ ወለድ ታሪክ የሚጽፍ ወጣት «ከሁለቱ የትኛውን ልተው?» ብሎ ቢጨነቅ፥ ጭንቀቱ አዲስ አይደለም። ይህ ጥያቄ በ1940ዎቹ ዓመታት የደን ዕውቀት፥ ከዚያም የመድኀኒት ቅመማ በተማረ በአንድ የአገሩ ሰው ሕይወት አስቀድሞ የተፈተነ ነው። የዚህም ሰው ስም ሲፕሪያን ኤክዌንሲ ነው።

ኤክዌንሲ በሴፕቴምበር 26 ቀን 1921 ዓ.ም. በሰሜን ናይጄሪያ በሚና ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ የምሥራቅ አገር ሰዎች፥ በነገድ ኢግቦዎች ነበሩ። አባቱ ዝሆን አዳኝና ጥሩ ተረት ነጋሪ ነበረ። ልጁም በቤቱ የኢግቦን ተረት፥ በደጁ የሐውሳን ቋንቋ እየሰማ አደገ። ከዚህ በኋላ በዮሩባ ምድር በኢባዳን በመንግሥት ኮሌጅ፥ ቀጥሎም ዛሬ ጋና በምትባለው በጎልድ ኮስት በአቺሞታ ኮሌጅ ተማረ። ወደ አገሩም ተመልሶ በኢባዳን የደን ትምህርት ቤት ገባና የደን ሹም ሆኖ ሁለት ዓመት ያህል አገለገለ። ኋላም በሌጎስ በኢግቦቢ ኮሌጅ የሳይንስ መምህር ሆነ፤ በዚያው በሌጎስ በያባ የመድኀኒት ቅመማ ትምህርት ጀመረ፤ በ1951 ዓ.ም. ትምህርቱን ለመፈጸም ወደ ሎንዶን ወደ ቼልሲ የመድኀኒት ቅመማ ትምህርት ቤት ተሻገረ። ይህን የትምህርቱን መንገድ ብቻ የተመለከተ ሰው ስለ አንድ ትጉህ የሳይንስ ተማሪ የሚያነብ ይመስለዋል።

ነገር ግን በእነዚሁ ዓመታት ውስጥ ሌላ ሥራ ጐን ለጐን ይሄድ ነበር። በ1947 ዓ.ም. የኢግቦን ተረቶች ሰብስቦ በመጽሐፍ አሳተመ። በማግሥቱ ዓመት በ1948 ዓ.ም. ደግሞ «ፍቅር በሹክሹክታ ሲናገር» የሚል ትንሽ የፍቅር ታሪክ በኦኒቻ ታተመለት። ኦኒቻ በኒጀር ወንዝ ዳር ያለች፥ በገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዚያች ከተማ ትንንሽ ማተሚያ ቤቶች ተከፍተው ነበርና፥ ጥቂት ገጽ ያላቸውን ርካሽ መጻሕፍት እያተሙ ከጨርቁና ከቅመማ ቅመሙ ጐን በገበያ ይሸጡ ነበር። የሚገዙአቸውም የቢሮ ጸሐፊዎች፥ የመኪና ነጂዎች፥ ተማሪዎችና ነጋዴዎች ነበሩ። የኦኒቻ ገበያ ጽሑፍ እየተባለ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠናው ይህ ነው። የኤክዌንሲም መጽሐፍ ከዚህ ጽሑፍ በኵራት መካከል ይቈጠራል። ገበያው ግን ከ1967 እስከ 1970 ዓ.ም. በተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት ፈረሰ፤ የቀድሞው የመጻሕፍት ንግድም ከዚያ በኋላ እንደ ነበረው አልሆነም።

ኤክዌንሲ በሌጎስ ሳለ አጫጭር ታሪኮች እየጻፈ በራዲዮ ያሰማ ነበር። ወደ ሎንዶን በመርከብ ሲጓዝ እነዚህን የተበታተኑ ታሪኮች በአንድ ሐረግ አያይዞ አንድ ረዥም ልብ ወለድ እንዳደረጋቸው ይነገራል። ይህም ድርሰት «የከተማ ሰዎች» ተብሎ በ1954 ዓ.ም. በሎንዶን ታተመ። ከናይጄሪያ የወጡና በውጭ አገር ከተነበቡት የመጀመሪያዎቹ ልብ ወለዶች አንዱ ነው። የመጽሐፉ ባለ ታሪክ አሙሳ ሳንጎ ከገጠር ወደ ትልቅ ከተማ የገባ ወጣት ነው፤ ቀን በጋዜጣ የወንጀል ወሬ ይጽፋል፥ ማታ የሙዚቃ ጓድ እየመራ ያስጨፍራል። ደራሲው ራሱ የሁለት ሥራ ሰው ሆኖ ሳለ የፈጠረውም ሰው እንዲሁ ሁለት ሥራ ያለው ነው። ይሁን እንጂ ነገሩን አላሳመረውም፤ ሳንጎ የጋዜጣ ሥራውንም የተከራየውንም ክፍል ያጣል፤ በመጨረሻም ኑሮውን እንደ ገና ለመጀመር ወደ ጎልድ ኮስት ለመሄድ ይነሣል። እንግዲህ ኤክዌንሲ ሁለት ዛፍ የሚወጣ ሰው ሊወድቅ እንደሚችል ያልተረዳ የዋህ አልነበረም።

የመድኀኒት ቅመማ ትምህርት ስሕተትን የማይታገሥ ነው። ሚዛኑ ጥቂት ቢዛባ መድኀኒት የተባለው መርዝ ይሆናል። ስለዚህ ቀማሚው ቸኵሎ አይለካም፥ ያልመዘነውንም አይሰጥም። መጽሐፍ መርማሪዎች ግን በኤክዌንሲ ድርሰት ላይ ያወጡት ነቀፋ የዚህ ተቃራኒ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። ታሪኩ ይቸኵላል፥ አጋጣሚ ይበዛበታል፥ ቃሉም አልተመረጠም አሉት። ነቀፋው በከፊል እውነት ነው፤ በሥራ መካከል በተገኘች ትርፍ ሰዓት የሚጻፍ ነገር የችኰላ ምልክት አያጣውም። ሁለት ሥራ የያዘ ሰው የሚከፍለው ዋጋ ይህ ነው፥ መደበቅም አይገባውም። ኤክዌንሲ በአንደኛው ሙያው የተማረውን ትዕግሥት ለሁለተኛው ሙሉ በሙሉ አላደረሰለትም።

የተቀበለው ትርፍ ግን ከዋጋው አያንስም። ቺኑዋ አቼቤ ለመጽሐፍ የሚሆነውን ከአባቶቹ መንደር ሲያወጣ፥ ኤክዌንሲ ከሠራበትና ከኖረበት ስፍራ ሁሉ አወጣ። በ1962 ዓ.ም. የታተመው «የሚነድ ሣር» የተባለው ድርሰቱ ስለ ፉላኒ ከብት አርቢዎች የሚናገር ነው። ማይ ሱንሳዬ የተባለው ሽማግሌ ሶኩጎ በሚሉት ሕመም ተይዞ ቤቱንና ከብቱን ትቶ ያለ ዕረፍት ይንከራተታል፤ ሕመሙም በጠላት አስማት የመጣ ነው ይባላል። የሰሜኑን ሣርና ጫካ፥ የእረኞቹንም ጉዞ እንዲህ ለመግለጥ በሰሜን ያደገና በደን ሥራ የኖረ ሰው ዕድል ነበረው። ለትምህርት ቤት ልጆች የጻፋቸው «ከበሮ መቺው ልጅ» እና «የመላም ኢሊያ ፓስፖርት» የተባሉት መጻሕፍት በ1960 ዓ.ም. ታትመው በናይጄሪያ ብዙ ትውልድ አንብቦአቸዋል። ለእነዚህም አስቀድሞ በመምህርነት ተማሪዎችን ማወቁ አልጐዳውም።

እጅግ ያከራከረው መጽሐፉ በ1961 ዓ.ም. የወጣው «ጃጉዋ ናና» ነው። ባለ ታሪኳ የአንድ ሰባኪ ልጅ ናት፤ ወደ ሌጎስ ገብታ በጭፈራ ቤት ትኖራለች፤ ፍሬዲ የተባለውን ወጣት መምህር ወድዳ በእንግሊዝ አገር ሕግ እንዲማር ገንዘብ ታወጣለታለች፤ እርሱ ግን ሌላ ያገባል። በመጨረሻ የምርጫና የፖለቲካ ክፋት ያገኛትና ወደ አባቷ አገር ትመለሳለች። መጽሐፉ በወጣ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችና የሴቶች ማኅበሮች ነቀፉት። የኢጣልያ ፊልም ሠሪዎች ታሪኩን በሲኒማ ሊያወጡት በፈለጉ ጊዜም ነገሩ እስከ ናይጄሪያ ምክር ቤት ደርሶ ክርክር ተደረገበት፤ ፊልሙም ሳይሠራ ቀረ።

በዚህ ክርክር ሁለቱም ወገኖች የሚሉት ነበራቸው። ከመጽሐፉ ጋር የቆሙት፥ ቀማሚ የመርዙን ስም በጠርሙሱ ላይ ጽፎ የሚለጥፈው ሰው እንዲጠነቀቅ ነው እንጂ እንዲጠጣ አይደለም፤ የከተማንም ክፋት በስሙ የጠራ ደራሲ አልበደለም ለማለት ይችሉ ነበር። ተቃዋሚዎቹም፥ ጽሑፉን የማያነብ ሕፃን ጠርሙሱን አንሥቶ ይጠጣል፤ መርዝ በከፍተኛ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል እንጂ በገበያ አይዘረጋም ቢሉ ከንቱ ነገር አልተናገሩም። ከመጽሐፉ የሚታየው ግን ደራሲው የጃጉዋን ኑሮ ከነዋጋው መጻፉ ነው፤ ደስታውን ብቻ ጽፎ መከራውን አልደበቀም።

ኤክዌንሲ በ1956 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ተመልሶ፥ በማግሥቱ ዓመት በናይጄሪያ ራዲዮ የዝግጅት ክፍል አለቃ ሆነ፤ ከ1961 እስከ 1966 ዓ.ም. በፌዴራል ማስታወቂያ ሚኒስቴር ዲሬክተር ሆኖ ሠራ። በ1966 ዓ.ም. አገሪቱ በታወከች ጊዜ እንደ ብዙዎቹ ኢግቦዎች ወደ ምሥራቅ ሸሸ፤ በጦርነቱም ዘመን ለቢያፍራ በራዲዮና በማስታወቂያ ሥራ አገለገለ። በ1968 ዓ.ም. የዳግ ሐማርሾልድ ዓለም አቀፍ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተሰጠው። በ1976 ዓ.ም. ባወጣው ልብ ወለድ፥ ከጦርነቱ የተረፈ አንድ የራዲዮ ሰው በሰላሙ ዘመን በወንበዴ እጅ ሲሞት ይታያል። ኤክዌንሲ በኖቬምበር 4 ቀን 2007 ዓ.ም. በኤኑጉ በ86 ዓመቱ ዐረፈ። ሕይወቱን ሁሉ በብዕር ብቻ የኖረበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ደን፥ ማስተማር፥ መድኀኒት፥ ራዲዮና መንግሥት እየተፈራረቁ እንጀራውን ሰጥተውታል።

ሌላውን መንገድ የመረጠም አለ። አቼቤ በ1948 ዓ.ም. በኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሕክምና ሊማር የመንግሥት ገንዘብ ተሰጥቶት ነበር። አንድ ዓመት ከተማረ በኋላ ሕክምናውን ትቶ ወደ ሥነ ጽሑፍና ታሪክ ተመለሰ፤ የመንግሥቱንም ገንዘብ አጣ። ወንድሙ አውግስቲን ለዕረፍት ወደ አገሩ መሄጃ የያዘውን ገንዘብ ለትምህርቱ ባይሰጠው ኖሮ መንገዱ በዚያው በተዘጋ ነበር። ይህ ምርጫ በ1958 ዓ.ም. ለዓለም «ሁሉ ነገር ሲፈርስ» የተባለውን ታላቅ መጽሐፍ ሰጠ። አሞስ ቱቱኦላም በ1952 ዓ.ም. ስሙ በሎንዶን ሲገን በሌጎስ የሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ነበር። ከሦስቱ አንዱ ሳይንስን ትቶ ጻፈ፥ አንዱ ሳይንስን ይዞ ጻፈ፥ አንዱም መልእክት እያደረሰ ጻፈ።

እንግዲህ ታሪክ ለወጣቱ አንድ መንገድ ብቻ አታዝዝለትም። ተረቱን ግን ታርመዋለች። አቼቤ ሕክምናን የተወው የሚያግዘው ወንድም ስለ ነበረው ነው፤ ይህን የመሰለ ወንድም ለሌለው ልጅ ሙያውን ጣል ብሎ መምከር ብዕሩንም አብሮ ማስጣል ነው። ሙያውን ይዞ መጻፍ የፈለገውም የኤክዌንሲን ዋጋ ማወቅ ይገባዋል፤ ጊዜ ያጥርበታል፥ ችኰላም ይፈትነዋል። ካሳቫ የምታሰናዳ ሴት ድንጋዩን ከከረጢቱ ቀኑ ሳይደርስ አታነሣም፤ ይህን ከእናቱ አይቶ ምክንያቱን በዩኒቨርሲቲ የተማረ ወጣት፥ ጽሑፉንም እንደዚሁ እስኪበስል ቢያቈየው፥ ኤክዌንሲ የተነቀፈበትን ጉድለት ያቃና ነበር። ወላጆችና መምህራንም እንዲህ ያለውን ልጅ ባዩ ጊዜ፥ ከሁለቱ አንዱን ጣል ከማለት አስቀድመው የሚጽፍበትን ሰዓት ቢጠብቁለት ይሻላል።