«ስኖው ኋይት»፦ ከግሪም ወንድማማቾች መጽሐፍ እስከ ዲዝኒ ፊልም

ዲሴምበር 21 ቀን 1937 በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ካርቴይ ሰርክል በተባለው ቲያትር ቤት፣ «ስኖው ኋይትና ሰባቱ ድንኮች» የተሰኘው የካርቱን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ታየ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) 83 ደቂቃ የሚፈጀው ይህ ፊልም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጅ በተሣሉ ሥዕሎች የተሠራ ነው። ወጪው ወደ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደርሶ ስለነበር የሆሊውድ ሰዎች ሥራውን «የዲዝኒ ጅልነት» እያሉ አፊዘውበታል። ፌዙ ግን አልሠመረም፤ በ1939 ዋልት ዲዝኒ ስለዚሁ ፊልም አንድ ትልቅና ሰባት ትናንሽ የኦስካር ሐውልቶች ተሸለመ።

ከዚያ ወዲህ በፊልሙ ላይ ተደጋግሞ የሚሰነዘር አንድ ነቀፌታ አለ። ይኸውም፣ ዲዝኒ ከሕዝብ አፍ የተቀዳውን ንጹሕ ተረት ለገበያ ሲል አበላሸው የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ ነቀፌታውን ከተረቱ የኅትመት ታሪክ አንጻር ለመመርመር ይሞክራል።

በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ ተበላሸ የሚባለው ተረት የትኛው እንደሆነ ነው። ያዕቆብና ዊልሄልም ግሪም የተረት መድበላቸውን የመጀመሪያ ቅጽ ያሳተሙት በ1812 ነው። ከዚያ በፊት በ1810 ያዘጋጁት የእጅ ጽሑፍም እስከ ዘመናችን ደርሷል። በዚህ የእጅ ጽሑፍ ልጅቱን በቅናት ወደ ጫካ ወስዳ የምትጥላት የገዛ እናቷ ናት፤ የሚያድናትም ሐኪሞቹን አስከትሎ የመጣው ንጉሥ አባቷ እንጂ ልዑል አይደለም። በ1812 እትም ልዑሉ ገባ፤ ቀናተኛዋ ግን አሁንም ወላጅ እናት ናት። በ1819 በወጣው ሁለተኛ እትም እናቲቱ ልጇን እንደወለደች ትሞትና ቦታዋን የእንጀራ እናት ትይዛለች። በ«ሃንዝልና ግሬትል» ተረትም በ1840 እትም ተመሳሳይ ለውጥ ተደርጓል። እንግዲህ መድበሉ ወደ ልጆችና ወደ ቤተሰብ ንባብ እያዘነበለ በሄደ ቁጥር፣ እናት ልጇን ልትገድል መቻሏ ከገጹ እየተፋቀ ሄደ ማለት ነው። ከዚህም በላይ፣ ከተራኪዎቹ ብዙዎቹ የካሰል ከተማ የተማሩ ቤተሰቦች ሴቶች ልጆች ስለነበሩ፣ «የሕዝብ አፍ» የሚለው አባባል ራሱ ጥንቃቄ ያሻዋል።

በመጽሐፉና በዲዝኒ ፊልም መካከልም ሌሎች እጆች ገብተዋል። በ1912 ኒው ዮርክ ውስጥ በመድረክ የቀረበው ተውኔት፣ በግሪም ዘንድ ስም የለሽ ለሆኑት ሰባት ድንኮች ስም ሰጣቸው። ከዚሁ ተውኔት ተነሥቶ በ1916 ድምፅ አልባ ፊልም ተሠራ። ይህንንም ፊልም ዲዝኒ ገና ጋዜጣ አዟሪ ልጅ ሳለ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ አይቶታል። ስለዚህ ድንኮቹን በስም መለየት የእርሱ ፈጠራ አልነበረም፤ የእርሱ ቡድን የጨመረው እያንዳንዱን ድንክ በጠባዩ መሰየምን ነው። አንዱ ነጭናጫ፣ አንዱ እንቅልፋም፣ አንዱ ዓይነ አፋር ሆኖ፣ ስሙም ሥራውም አንድ ሆነ።

ዲዝኒ የለወጠው ጥቂት አይደለም። በመጽሐፉ ንግሥቲቱ ተመስላ የምትመጣው ሦስት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ በወገብ ማጥበቂያ ክር፣ ቀጥሎ በተመረዘ ሚዶ፣ በመጨረሻ በፖም። በፊልሙ የቀረው ፖሙ ብቻ ነው። በመጽሐፉ የልጅቱ ሳምባና ጉበት ነው ብላ የበላችው የከርከሮ ሥጋ፣ በፊልሙ የማይበላ፣ በሣጥን የተቀመጠ ልብ ሆነ። ልጅቱን የሚቀሰቅሳት መሳም ከሌላ ተረት፣ ከ«ተኝታ ካለችው ውብ» የተወሰደ ነው፤ በግሪም የመጨረሻው የ1857 እትም ግን የሬሳ ሣጥኑን የተሸከሙት አሽከሮች ሲደናቀፉ የፖሙ ጉራሽ ከጉሮሮዋ ይወጣል። ንግሥቲቱም በመጽሐፉ የጋለ የብረት ጫማ አጥልቃ እስክትሞት ትጨፍራለች፤ በፊልሙ ግን መብረቅ የቆመችበትን ዓለት ሰብሮ ከገደል ይጥላታል። በዚህም ቅጣቱ ከሰው እጅ ወጥቶ ለተፈጥሮ ተሰጠ፤ የሙሽሪት ሠርግም ከደም ነጻ ሆነ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያመራምረው የቤቱ ነገር ነው። በግሪም የድንኮቹ ቤት ንጹሕና የተሰናዳ ነው፤ ልጅቱ እንድትኖርበት የሚፈቅዱላትም እንድታበስል፣ እንድታጥብና እንድትሰፋ ውል አስገብተው ነው። በፊልሙ ቤቱ ቆሻሻ ነው፤ ያጸዳችውም፣ ላገልግላችሁ ያለችውም ራሷ ናት። በመጽሐፉ የመጠለያ ዋጋ የነበረው ሥራ በፊልሙ የሴት ተፈጥሮ መስሎ ቀረበ። በእኔ አስተያየት የፊልሙ ከባዱ ለውጥ ይህ እንጂ መሳሙ አይደለም።

ይሁንና ዊልሄልም ግሪም እናትን በእንጀራ እናት የተካበትና ዲዝኒ ውልን በውዴታ የተካበት ምክንያት ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም የቤተሰብ አንባቢንና ተመልካችን ፊት እያዩ ሠርተዋል። መለወጥ ወንጀል ከሆነ ተከሳሹ ዲዝኒ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ልዩነቱ ያለው ለውጡ ከተደረገ በኋላ በሆነው ላይ ነው። ተራኪ አድማጩን እያየ ያሳጥራል፣ ያስረዝማል። የግሪም መጽሐፍም እንኳ ከ1812 እስከ 1857 ሰባት ጊዜ እየታረመ ታትሟል። የ1937ቱ ፊልም ግን ከ1944 ጀምሮ በየጊዜው ለሲኒማ ቤቶች ሲመለስ ታሪኩ ያው ነበር። ግሪሞች ስለ ልጅቱ መልክ የነገሩን ሦስት ቀለማት ብቻ ነው፤ የበረዶ ንጣት፣ የደም ቅላትና የዞጲ ጥቁረት። የቀረውን አድማጩ በልቡ ይሥላል። ፊልሙ ግን አንድ ፊት፣ አንድ ቀሚስ፣ አንድ ድምፅ ሰጣት። በ2025 የዲዝኒ ኩባንያ ታሪኩን በሕያዋን ተዋንያን እንደገና ሲያቀርበው፣ ብዙ ተመልካች አዲሱን ሥራ የመዘነው በ1937ቱ ፊልም ነበር። አንድ ቅጂ የሌሎቹ ሁሉ መለኪያ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ታሪክ ሥነ ቃል ለሚሰበስብ ተማሪ ቀጥተኛ ትምህርት አለው። በእኛም አገር ተረት ከተራኪ አፍ ወደ ወረቀት ሲወርድ ሰብሳቢው ይመርጣል፣ ያቃናል፣ ለጆሮ የሚከብደውን ያለዝባል። የታተመውን ቅጂ «ዋናው» ብሎ ከመቀበል በፊት ማን ተረከው፣ ማን ጻፈው፣ ለማን ሲባል ታረመ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሌሎቹን ቅጂዎችም ሳይጥሉ ከነተራኪያቸውና ከነቀናቸው ጎን ለጎን ማቆየት የሰብሳቢው ግዴታ ነው። የ1810ሩ የእጅ ጽሑፍ ባይተርፍ ኖሮ፣ ያች ቀናተኛ ሴት በመጀመሪያ ማን እንደነበረች ለማወቅ የ1812ቱ እትም ብቻውን በቀረን ነበር፤ አባትየው አዳኝ እንደነበረ ግን ፈጽሞ ባላወቅን።