ሁለቴ የታየ ሳቅ

አያት፣ እኔ በምኖርበት የኮንዶሚኒየም ብሎክ፣ የጎረቤቶቼ ልጆች የቆዩ የቴሌቪዥን ኮሜዲዎችን በስልክ እየመለሱ ያያሉ። ቀልዱ ሳይነገር አስቀድመው ይጨርሱታል። ከሳቁ ይልቅ የሚጥማቸው ግን ስህተት ማደን ነው። «ቅድም ሲኒው ባዶ አልነበር?» ይባባላሉ። ነገሩ የሕፃናት ጨዋታ ይመስላል፤ ግን ረጅም ታሪክ አለው።

ለመሆኑ ስህተቱ ከየት ይመጣል? በመድረክ ቲያትር ጊዜ ወደፊት ብቻ ይሄዳል። በካሜራ ግን አንዱ ትዕይንት ተደጋግሞ ይቀረጽና ከዚህም ከዚያም ተቆርጦ ይቀጣጠላል። ተዋናዩ የጨለጠው ሲኒ ወዲያው ሞልቶ የሚገኘው ለዚህ ነው። ድራማው ዓመታት ሲዘልቅ ደግሞ ደራሲዎቹም የጻፉትን ይረሳሉ። እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1984 በታየው «ሃፒ ደይስ» በተባለው የአሜሪካ ኮሜዲ፣ የቤቱ የበኩር ልጅ ቸክ ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ድራሹ ጠፋ። ሞተ አልተባለ፣ ተሰደደ አልተባለ። በመጨረሻው ክፍል አባትየው ያሳደጓቸው ልጆች ሁለት እንደሆኑ ሲናገሩ፣ ሦስተኛውን የሚያስታውሰው ተመልካቹ ብቻ ነበር።

ሆን ተብሎ የሚደበቅም አለ። በ1975 እና በ1979 (እ.ኤ.አ.) የታየው የእንግሊዞቹ «ፎልቲ ታወርስ» 12 ክፍሎች ብቻ አሉት። በመግቢያው ላይ የሆቴሉ ስም ሰሌዳ ፊደላት እየተዘበራረቁ ሌላ ቃል ይሆናሉ፤ አንድ ጊዜ «ወፍራም ጉጉቶች» የሚል ተነቦበታል። በአንዱ ክፍል ጥፋተኛው ጋዜጣ አዳዩ ልጅ መሆኑ ይታያል። ሰሌዳውን ልብ ያላለ ሁለት ቀልድ አመለጠው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያቆየልን ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የጀመረው «አይ ላቭ ሉሲ» በሦስት ካሜራ በፊልም ስለተቀረጸ ደጋግሞ ለማሳየት ተቻለ። ዳግም የሚታይ ሳቅ ይመረመራል፤ የጎረቤቲቱ የኤተል ሁለተኛ ስም ከክፍል ክፍል መለዋወጡም የተደረሰበት በዚሁ ምክንያት ነው።

ወደ እኛ እንመለስ። ቴሌቪዥናችን በ1957 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ስርጭት ሲጀምር፣ በጥቁርና ነጭ ነበር፤ የስቱዲዮ ዝግጅቱም አብዛኛው በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ተዋናዩ ቢሳሳት የታዘበው በዚያች ምሽት ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው፤ በዓይኑ ሸርተት ያደረጋት ፌዝም አብራው ቀረች።

እኛ ግን የተሰወረ ፌዝን ለመፈለግ እንግዶች አይደለንም፤ ሰምና ወርቅ ያሳደገን ነን። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን የአማርኛ ቲያትር «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን ሲጽፉ የቤተ መንግሥቱን ብልሹ አሠራር በአውሬዎች አፍ አናገሩት። ወርቁን ፈልቅቀው ያገኙት ደግሞ ባለሥልጣኖቹ ነበሩ፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቲያትሩ ታገደ። ንቁ ተመልካች ሁልጊዜ ወዳጅ አይደለም! ሆኖም ጽሑፉ ስላለ ዛሬም እናወራበታለን።

የተቀረጸም ቢሆን ካልተጠበቀ ይጠፋል። እንግሊዞች እንኳ ቴፕን ደግሞ ለመጠቀም ሲሉ በላዩ ይቀርጹበት ነበር፤ «ዳድስ አርሚ» ከተባለው ዝነኛ ኮሜዲያቸው ሦስት ክፍሎች እስካሁን አልተገኙም።

ዩቲዩብ መዝገብ ቤት አይደለም፤ የጫነው ሰው በፈለገ ጊዜ ያነሳዋል። ለመጽሐፍ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክር አለን። «ቤቶች»ን የመሰሉ ኮሜዲዎቻችንም ከነስህተታቸው መደርደሪያ ይገባቸዋል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው ሲኒያችን ምን ይመስል እንደነበር፣ ምን ተናግረን ምን እንደደበቅን የሚያነበው ከነዚያ ነውና። ያን ጊዜ «ስህተት አገኘሁ!» የሚል ቢነሳ፣ ቢያንስ የሚያርመው ነገር ቆይቶለታል።